ቁራኛዬን አምጡልኝ

አንድ ገዥ ነበር፣ «በምድር ላይ የእግዜር አፍ እኔ ነኝ» የሚል። ሕጉም አጭር ነው፤ በእግዜር ላይ ክፉ የተናገረ ምላሱ ይቆረጣል። ሰዉ የሚያስነጥሰው እንኳ ግራ ቀኙን አይቶ ነበር።

በዚያ አገር እታገኝ የምትባል ባቄላ ዘርታ የምታድር ሴት ነበረች። አንድ ቀን በረዶ ማሳዋን ድምጥማጡን ሲያጠፋባት፣ ወደ ሰማይ ቀና ብላ «ምነው እግዜር፣ ተኝተሃል እንዴ?» አለች። በቃ፣ ይችን ነው ያለችው። ጎረቤት ሰማ፣ ጎረቤት ነገረ፣ ተይዛ ችሎት ቀረበች። ቢላዋውም ተስሎ ይጠብቃታል።

እንግዲህ የአገሩን ልማድ ልብ በሉልኝ። ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ ይቋጠርና ሦስት ቀን፣ ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ፣ አብረው ይውላሉ። ፍርድ ከዚያ ወዲያ ነው። እንዲህ አብሮ የተቋጠረ ሰው ቁራኛ ይባላል።

እታገኝ ሽማግሌውን ዳኛ፣ «የተሰደበው ማነው ጌታዬ?» ብላ ጠየቀች።

«እግዜር ነዋ።»

«እንግዲያው ቁራኛዬን አምጡልኝ።»

ሳቅ ያመለጠው ሁሉ አፉን በነጠላው ያዘ። ገዥው ግን ደረቱን ነፍቶ፣ ስለ እግዜር የምቆመው እኔ ነኝ አለ። ዳኛው ቀበል አድርገው፣ «ከሆነማ ካባዎን ወዲህ ይበሉ» አሉት። እንዳይመልሰው በሕዝብ ፊት ተናግሯል። ካባው ከእታገኝ ነጠላ ጋር ተቋጠረ።

እሷ ማሳዋን እንደገና ልትዘራ ወረደች፤ ጎንበስ ስትል ጎንበስ ይላል፣ ቀና ስትል ቀና ይላል። በሁለተኛው ቀን መቆም ቢሰለቸው ዘር ተቀብሏት ይዘራ ጀመር። በሦስተኛው ቀን አንድ ትልም በገዛ እጁ ጨርሶ፣ መዳፉ ውሃ ቋጥሮ፣ ደስ ብሎት ሲያየው ሰማዩ ጠቆረ። በረዶው ያን ትልም ጠርጎ ወሰደው። ገዥውም ቀና ብሎ «ምነው እግዜር፣ ተኝተሃል እንዴ?» አለ።

ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። እታገኝም ነጠላዋን ዘርግታ ራሱን ከበረዶው ከለለችለት።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ እንደተቋጠሩ በዚያው ርጥበታቸው ችሎት ቆሙ። ዳኛው እንደ ልማዱ፣ «ከቁራኛሽ አፍ ምን ሰማሽ?» አሏት። ገዥው ዓይኑን ወደ ቢላዋው ወረወረ። ቢላዋው እዚያው ነው።

«ሲጸልዩ ሰማኋቸው ጌታዬ» አለች። «እኔም የዚያን ቀን የጸለይኩት ይሄንኑ ነበር።»

ሕዝቡ አልገባውም፤ ገዥው ግን ገብቶታል። ክሴን ትቻለሁ አለ። ቋጠሮው በዝናቡ ጠብቆ በጣት አልፈታ ቢለው፣ ምላስ ሊያስቆርጥ የመጣው ሰውዬ በጥርሱ ታግሎ ፈታው። ሕጉ ያኔውኑ ተሻረ፤ ቢላዋውም የጎመን መክተፊያ ሆኖ ቀረ ይላሉ።

አያችሁ፣ ከሩቅ ስድብ የመሰለን ነገር ጠጋ ብለው ሲሰሙት ልመና ሊሆን ይችላል። እግዜር እንደሆነ ለራሱ ጠበቃ አያጣም፤ ጠበቃ የሚያጣው ሰው ነው። እስቲ እናንተም አስቡት፦ ዛሬ «ይቀጣልኝ» ካላችሁት ሰው ጋር ሦስት ቀን ብትቋጠሩ፣ በአራተኛው ምን ትሉ ነበር?