ቆሞ ሳለ የፈረሰው ድልድይ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ዘርጋው።

ይህን ያሉት ተማሪያቸው ረድኤት ለጠየቀቻቸው ጥያቄ ሌላ መልስ ስላጡለት ነው። ረድኤት ሥነ ሕንፃ ትማራለች፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሰው ብቻውን የሚቀመጥባት፣ ብርሃን በአንድ ጎን ብቻ የሚገባባት ትንሽ ክፍል ነድፋ ተመሰገነች። በሦስተኛው ዓመት ተዳፋቱን ተከትሎ እየተጠማዘዘ የሚወርድ የእግር መንገድ ነደፈች፤ ሥዕሉ እስካሁን በትምህርት ክፍሉ ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል። የመመረቂያ ሥራዋ ደግሞ አንድ ገደል አፋፍ ላይ በቀጫጭን ዓምዶች የሚቆም የገበያ አዳራሽ ነው። ከካርቶንና ከእንጨት የሠራችውን ሞዴል ያየ ሁሉ «ይኼማ አንደኛ ይወጣል» ይላታል። ከዳኞች ፊት የምታቀርበው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን ፎቶ ልታነሣ ወደ ቦታው ወርዳ፣ ለውኃ ቧንቧ ተብሎ የተቆፈረ ጥልቅ ቦይ አገኘች። ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። ጽኑ መሬት ነው ብላ ዓምዶቿን ያቆመችበት ቦታ፣ ከዓመታት በፊት ቆሻሻና ልቅ አፈር የተደፋበት ቦረቦር ኖሯል። ካርታው ይህን አያሳይም። ከእሷ በቀር ያስተዋለውም የለም።

«ጋሼ» አለቻቸው፤ እጇ የቦርሳዋን ዚፕ ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል። «ከተናገርኩ አዳራሹ ቀረ፤ በሦስት ቀን ሌላ አልሠራም። ዝም ካልኩ ደግሞ ማንም አያውቅም። ሕንፃው ወረቀት ላይ ነው፤ በማንም ላይ አይወድቅም። ብናገር ልክ መሆኔን የሚያሳይልኝ ነገር እንኳ የለም። ታዲያ ለምን ብዬ ነው የምናገረው?»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ነገሯት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ግንበኛ ነው። በአገሩ በበጋ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው የሚሻገሩት፣ ክረምት ሲገባ ግን ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ የሚሄድ ወንዝ ነበረ። ከወንዙ ወዲህ መንደሩ፣ ከወንዙ ወዲያ ገበያው። ወንዙ በየክረምቱ ሰው ይወስዳል። ሰዉም ከመልመዱ የተነሣ ሰኔ ሲገባ «ዘንድሮ ደግሞ የማን ተራ ይሆን?» ይባባል ነበር።

የአገሩ ሹም ግንበኛውን አስጠርቶ «ድልድይ ሥራልን» አለው። ግንበኛው ዕድሜውን የሰው ቤትና አጥር ሲክብ የኖረ ነው፤ ድልድይ ሠርቶ አያውቅም። ፈራ፤ ደስም አለው። ከወንዙ ወዲህ ሲቆፍር አለት አገኘ። ወዲያ ማዶ ሲቆፍርም በሦስት ክንድ ጥልቀት ድጅኖው ድንጋይ መታ። አፈሩን ጠረገ፤ ድንጋዩ እንደ አውድማ ሰፊ ነው። «አለት ነው» አለ። ሠራተኞቹም «አለት ነው» አሉ። ዙሪያውን ቆፍሮ ማየት ነበረበት፤ በጋው እንዳያልቅበት ቸኮለ። የድልድዩን እግር እዚያው ላይ ተከለ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው አማረ። ከሁለቱም ዳር ድንጋዩ በእንጨት ርብራብ እየተደገፈ ወጣ፤ ወጣና ወደ መካከል ዘመመ። ሊገናኝ ሦስት ድንጋይ ሲቀረው የበልግ ዝናብ ጣለ። ዝናቡ እንዳባራ ግንበኛው ማዶ ተሻግሮ ሥራውን ሲቃኝ፣ ከዚያ ሰፊ ድንጋይ ሥር ድፍርስ ውኃ ሲንጠባጠብ አየ። ከአለት ሥር እንዲያ ያለ ውኃ አይወጣም። ቀጭን እንጨት ቆርጦ ከድንጋዩ ሥር ሰደደ። እንጨቱ አንድ ክንድ ገባ። ሁለት ክንድ ገባ። እስከ ጫፉ ገባ። ሲስበው በዋልካ ጭቃ ተለውሷል። አለት ያለው ነገር ጭቃ ላይ የተቀመጠ ቋጥኝ ነበር።

ግንበኛው ዙሪያውን አየ። ማንም የለም። አፈር ዝቆ ቀዳዳውን ደፈነውና ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ለምን ያኔውኑ አልተናገረም?» አለች ረድኤት።

«አንቺስ ሳምንት ሙሉ?» አሏት መምህሩ፤ ቀጠሉም።

ግንበኛው የጀመረውን ቀጠለ። ሦስቱን ድንጋዮች አስገባ፤ ቅስቱ ተዘጋ። በየጠዋቱ ከሠራተኞቹ ቀድሞ ማዶ ይሻገራል። ከቋጥኙ አጠገብ ችካል ተክሏል፤ በችካሉና በቋጥኙ መካከል ያለውን በጣቱ ይለካል። አራት ጣት። በማግሥቱም አራት ጣት። በሳልስቱም አራት ጣት። ቋጥኙ አልተነቃነቀም። አለመነቃነቁ ግን ዕረፍት አልሰጠውም። ቢነቃነቅ ይናገር ነበር፤ ስላልተነቃነቀ ዝም ይላል፤ ዝም ስላለ ደግሞ ነገ እንደገና መለካት አለበት። ሚስቱ «ምን ሆነሃል? የምትሠራው ድልድይ ነው ወይስ መቃብርህን?» ትለዋለች። «ደክሞኝ ነው» ይላታል።

ርብራቡ የሚወርድበት ቀን ደረሰ። ሰዉ በሁለቱም ዳር ተሰልፎ እያየ እንጨቱ አንድ በአንድ ወረደ። ቅስቱ ብቻውን ቆመ። ጠጠር እንኳ አልረገፈም። እልልታው ሸለቆውን ሞላው። ሹሙ የግንበኛውን ትከሻ ይዞ «ቅዳሜ ገበያተኛው በሙሉ በዚህ ይሻገራል» አለ።

«አንድ ክረምት ይለፈው» አለ ግንበኛው።

ሹሙ ሳቀ። «ያሠራንህ እኮ ክረምቱን ልንሻገርበት ነው! ምን ያየኸው ነገር አለ?»

«የለም» አለ ግንበኛው።

ቤቱ ሲገባ ግን መቀመጥ አቃተው። ለሚስቱ እንጨቱ እስከ ጫፉ እንደ ገባ ነገራት። ሚስቱ «ቅዳሜ ሽንኩርቴን ተሸክሜ እኔ ልለፍበት?» አለችው። ግንበኛው ተነሥቶ ወደ ሹሙ ቤት ሄደ፤ እውነቱንም ተናገረ።

ሹሙ ሰዎች አስከትሎ ወረደ። ቋጥኙ ላይ ቆመው ረገጡት፤ በድጅኖ ሊፈነቅሉት ሞከሩ፤ አልነቃነቅ አለ። «ይኸው፤ ከኖኅ ዘመን ጀምሮ እዚሁ ተቀምጧል» አለ ሹሙ። «አንተን ያሳመመህ የምስጋናው ብዛት ነው። ሂድና ዕረፍ። ሰዉ እየጠበቀ ነው።» አብረውት የወረዱትም ሳቁ።

ቅዳሜ ጠዋት ገበያተኛው ቁልቁለቱን መውረድ ጀመረ። አህያ የጫነ አለ፤ ልጅ ያዘለች አለች፤ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ አለ። ድልድዩ ጋ ሳይደርሱ አንድ ሰው መካከሉ ላይ ቆሞ አዩ። ግንበኛው ነው። ወገቡን በጠፍር ታስሯል፤ የጠፍሩ ጫፍ ወንዙ ዳር ካለው የሾላ ግንድ ጋር ተቋጥሯል። በእጁ ትልቅ መዶሻ ይዟል።

«ምን ሊያደርግ ነው?» ብለው ሳይጨርሱ መዶሻው ወረደ። የመታው መጨረሻ የገባችውን፣ የመካከሏን ድንጋይ ነው። ኖራው ገና አልደረቀም። «ያዙት!» ብሎ ሹሙ ጮኸ፤ ሊይዘው ወደ ድልድዩ የሚገባ ሰው ግን አልተገኘም። ግንበኛው ያለቅሳል፤ እያለቀሰ ይመታል። በሰባተኛው ምት ድንጋይዋ ሾልካ ወደቀች። የበጋ ሙሉ ሥራ በአንድ ትንፋሽ ወረደ። አቧራው ሲገለጥ ግንበኛው በጠፍሩ ተንጠልጥሎ ከገደሉ ጋር ይጋጫል፤ አንድ እግሩ ተሰብሯል።

ገሚሱ ሊጎትተው፣ ገሚሱ ጠፍሩን ሊቆርጠው ተጋፋ። የሚጎትቱት በዙና ወጣ። ሹሙ በላዩ ቆሞ «ይወድቅ ነበር በለኝ! ማልልኝና ልተውህ» አለው።

«አልምልም» አለ ግንበኛው። «ይወድቅ እንደሆነ አላውቅም። ይቆም እንደሆነም አላውቅም። ሳላውቅ ግን ሰው አላሻግርም።»

ይህ መልስ ማንንም ደስ አላሰኘም። ሹሙ ከሌላ አገር ሌላ ግንበኛ አስመጣ። ያ ሰው ፍርስራሹን ዞረ፤ ቋጥኙን በእግሩ መታ መታ አደረገና «እኔ ብሆን ሳላፈርስ እተወው ነበር» ብሎ ክረምቱ ሳይዘጋበት ወደ አገሩ ተመለሰ። ይህ ቃል መንደሩን ዞረ። ግንበኛው እግሩ በቀርከሃ ታስሮ ከተኛበትም ደረሰ።

የዚያን ክረምት ወንዙ የአንዲት እናት አንድ ልጇን ወሰደ፤ ከገበያ ሲመለስ በመልካው፣ በእግር መሻገሪያው፣ ሲያቋርጥ ነው። ለቅሶው ካለፈ በኋላ እናቱ መጥታ ግንበኛው ደጅ ቆመች። አልጮኸችም። «ድልድዩ ቢኖር ልጄ በደረቅ እግሩ ይገባ ነበር» አለችው። ግንበኛው «ድልድዩም ይዞት ይወድቅ ነበር» ማለት ይችል ነበር። ግን አያውቀውም፤ ስለማያውቀው አላለም። በተሰበረ እግሩ ተነሥቶ አንገቱን ደፋ። እስክትሄድ ድረስ ቀና አላለም።

መስከረም ጠብቶ ውኃው ሲጎድል እያነከሰ ማዶ ተሻገረና የቋጥኙን ዙሪያ መቆፈር ጀመረ። ብቻውን ነው፤ የሚያግዘው አላገኘም። አንዳንዱ በመንገዱ ሲያልፍ «አሁን ደግሞ ምን ልታፈርስ ነው?» ይለዋል። እስከ ጥር ቆፈረ። ቋጥኙ የአንድ ቤት ያህል ነው፤ ሥሩ በሙሉ ዋልካ። ሰዉ መጥቶ አየና ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «ይኸው ጭቃ ላይ ነበር፤ አልቀንለት ነበር» አለ። ሌላው «ይኸው ስንዝር አልሄደም፤ በከንቱ አፈረሰብን» አለ። ግንበኛው ከማንም ጋር አልተከራከረም። ከቋጥኙ ጎን ቁልቁል ወረደ። በአሥራ አንድ ክንድ ላይ እውነተኛውን አለት አገኘ። በዚህ ጊዜ አልቸኮለም፤ ዙሪያውን ቆፍሮ ገለጠውና «የፈለገ ይውረድና ይምታው» ብሎ ሰው ጠራ። የሳቁበትም ወረዱ፤ በድጅኖ መቱ፤ ወጡ። በማግሥቱ ድንጋይ የሚያቀብሉ ስድስት ሰዎች መጡ።

አዲሱ ድልድይ ሁለት በጋ ፈጀ። ሰው ተሻገረበት፤ ከብት ተሻገረበት፤ ክረምት መጣ፣ ሄደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማን እንደሠራው የሚጠይቅም አልነበረም። ያቺ እናት ግን አንድም ቀን አልረገጠችውም። በበጋ በመልካው ትሻገራለች፤ በክረምት ገበያ አትወጣም። ግንበኛው ከሩቅ ባያት ቁጥር ከተቀመጠበት ይነሣል። ይህን እስኪሞት አልተወም።

መምህር ዘርጋው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«የመጀመሪያው ግን ይወድቅ ነበር?» አለች ረድኤት።

«አላውቅም። እሱም ሳያውቅ ነው የሞተው።» ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «ልጄ፣ ግንበኛው አንቺ ነሽ። ቋጥኙ ጽኑ መሬት መስሎሽ ዓምድ ያቆምሽበት አፈር ነው። ሞዴልሽን አይተው አንደኛ የሚሉሽ እልል ያሉት ሰዎች ናቸው፤ ክፋት የለባቸውም፤ የቆመውን እንጂ ሥሩን አላዩም። ልክ መሆኔን ምን ያሳይልኛል ብለሽ ጠየቅሽኝ። ምንም አያሳይልሽም። ያፈረሰ ሰው ማስረጃውንም አብሮ ነው የሚያፈርሰው። ወረቀት ላይ ያለ ሕንፃ አይወድቅም ማለትሽም እውነት ነው። ነገር ግን እንጨቱ እስከ ጫፉ ሲገባ አይቶ ቀዳዳውን አፈር ማልበስ የሚለመደው እዚሁ ወረቀት ላይ ነው። ነገ ከተማ ውስጥ ትሠሪያለሽ። ያኔ እጅሽ የለመደውን ነው የሚያደርገው።»

ረድኤት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ብወድቅስ?» አለች።

«ልትወድቂ ትችያለሽ» አሏት። «ዳኞቹ ምን እንደሚሉ ስለማላውቅ አልዋሽሽም። ዓመቱን ልትደግሚ ትችያለሽ። እናትሽ ‹ምን ነካሽ?› ሲሉሽ የምትመልሺላቸው ታጪ ይሆናል። ግን አንቺ ብትወድቂ ትነሺያለሽ። አዳራሽ የወደቀበት ገበያተኛ አይነሣም።»