በአንድ ጭነት የበለጠው ሰው

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ አለቃ ይርዳው።

ጠያቂያቸው ስንሻው ይባላል። መሬቱን ድንጋይ ለሚያወጣ ነጋዴ አከራይቶ ውሉ ሊያልቅ ሰባት ቀን ቀርቶታል። «ባለቀ ዕለት ምን ላድርግ? የአጎቴ ልጅ እንደሆነ የራሱን መሬት ከኔ በተሻለ ዋጋ ሊያከራይ ነው አሉ» ብሎ ነበር የጠየቃቸው። አለቃም በቀጥታ አልመለሱለትም፤ ይህን ነገሩት እንጂ።

ሰውየው ገበሬ ነው። ከእርሻው እኩሌታው ድንጋይ የተኛበት ስለ ነበር ለአንድ ነጋዴ ለሰባት ዓመት አከራየው፤ ኪራዩም በየዓመቱ አምስት ጭነት ጤፍ ነበር። ያው ነጋዴ በዚያው ሰሞን የጎረቤቱንም መሬት ተከራየ። ለጎረቤቱ ግን ስድስት ጭነት ቈረጠለት። ገበሬው ይህን የሰማ ቀን ምሳ አልበላም።

ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ከጎረቤቱ አጥር አልተነሣም። የነጋዴው ሠራተኞች የጎረቤቱን ጉድጓድ ከጧት እስከ ማታ ይቈፍራሉ፤ አህዮች ተጭነው ይወጣሉ፤ አቧራው የገበሬው ደጅ ድረስ ይመጣል። በእሱ መሬት ላይ ግን አንዲት ጠባብ ጉድጓድ ከፍተው ጥቂት ሳምንት ከሠሩ በኋላ፣ አፏን በእሾህ ዘግተው ሄዱ።

«የኔ ድንጋይ ምን አነሰው?» እያለ ይብሰለሰላል።

«ወርደህ አይተኸዋል?» ትለዋለች ሚስቱ።

«ጉድጓድ ምኑ ይታያል!»

«ታዲያ የሰው ጉድጓድ ስታይ አይደል እንዴ የምትውለው?»

በዚያ አገር የድንጋይ ማውጫ ውል ሲያልቅ የሚፈጸም ልማድ ነበር። የመሬቱ ባለቤት ሁለት ሽማግሌዎችንና አንድ ድንጋይ ጠራቢ ይዞ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ጠራቢው ግድግዳውን በመዶሻ እየመታ ያዳምጣል። ጤነኛ ድንጋይ እንደ ደወል ይጮኻል፤ የሞተ ድንጋይ ድም ብሎ ይቀራል። ከዚያም ተከራዩ በአራቱ ማዕዘን የተከላቸውን ምልክቶች በሽማግሌዎቹ ፊት በገዛ እጁ ይነቅላል። ምልክቱ እስኪነቀል ድረስ ያንን መሬት የሚጠይቅ ሌላ ነጋዴ የለም። ከተነቀለ በኋላ ግን ባለቤቱ የወደደውን ያነጋግራል፤ ካልወደደም ያርስበታል።

የሁለቱም ውል ያለቀው በአንድ ቀን ነው። ጎረቤትየው ገና በማለዳ ሽማግሌዎቹንና ጠራቢውን ይዞ ወረደ። ገበሬው ከአጥሩ ሥር ቆሞ አንገቱን አሰገገ። መዶሻው ሲመታ የጠራቢው እጅ ይታየዋል፤ ድምፁ ግን አይደርሰውም። ጥቂት ቆይቶ የጎረቤቱ ሚስት እንስራ ጠላና መሶብ ይዛ ወደዚያ ስትወርድ አየ።

«ሳይዋዋል ደገሰ!» አለ።

ሰዎቹ ሲወጡ ጎረቤትየው አንገቱን ደፍቶ ነበር። ገበሬው ይህንንም በራሱ መንገድ ፈታው፤ ደስታው እንዳይታይበት ነው አለ። ሽማግሌም አልጠራ፣ ጠራቢም አልጠራ፤ ነጠላውን እንኳ ሳያስተካክል ወደ ነጋዴው ቤት ሮጠ።

«ጌታዬ፣ የምለምንህ አንድ ነገር ነው» አለው። «ከእሱ በአንድ ጭነት አስበልጠኝ። ሌላ አልጠይቅም።»

ነጋዴውም መለሰ። «የእሱ ስድስት ነበር፤ ያንተ ሰባት ይሁን። ለአሥራ አምስት ዓመት ግን ትፈርምልኛለህ።»

«ለእሱስ ስንት ዓመት ሰጠኸው?»

«ካንተ የሚበልጥ አልሰጠሁትም።»

ለአንዲት በቅሎ ገለባ ሦስት ቀን የሚከራከረው ያ ነጋዴ፣ ገበሬው ሐሳቡን ሳይጨርስ ምስክሮች አስጠራ። ገበሬው አሻራውን አኖረ። በመሬቱ ማዕዘን የተተከሉት ምልክቶች እንደ ቆሙ ቀሩ።

ሲመለስ በጎረቤቱ ደጅ በኩል ዞሮ አለፈ፤ መንገዱ ግን በዚያ አልነበረም። «እንዴት ዋልክ፣ ባለ ስድስት!» አለው። «የኔ ሰባት ሆነልኝ።»

ጎረቤትየው ከአካፋው ቀና አለ። «እንኳን ደስ አለህ፣ ወንድሜ። የኔስ አለቀ። ጠራቢው ከዳር እስከ ዳር መታው፤ አንድም የሚጮኽ ቦታ አላገኘም። ጉድጓዱን አስደፍኜ ገብስ ልዘራበት ነው። ያንተን ማን መታልህ?»

ገበሬው ወደ መሬቱ ሄደ፤ እሾሁን በባዶ እጁ ገፍቶ በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ገዛ ጉድጓዱ ወረደ። ከወለሉ አንድ ጠጠር አንሥቶ ግድግዳውን መታ። ጮኸ። አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ መታ፤ ጮኸ። የድንጋዩ ውፍረት የሁለት ሰው ቁመት ይሆናል፤ አንድ ስንጥቅ እንኳ የለበትም። ከሩቅ አገር ሰው ፈልጎ የሚመጣለት የወፍጮ ድንጋይ ነበር። ነጋዴው ይህን ያወቀው ጉድጓዱን በእሾህ የዘጋ ዕለት ነው፤ የጎረቤትየው እስኪያልቅ ይጠብቅ ነበር።

ገበሬው ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዶ ውሉ ይፍረስልኝ ሲል ጮኸ።

«ዋጋውን የጠራው ማን ነው?» አሉት።

«እኔ ነኝ።»

«የጠየቅኸውን ከለከለህ?»

«አልከለከለኝም።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና፣ «እንግዲህ ምን እንፍረድልህ?» ብለው አሰናበቱት። እሱም አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በየመከሩ ሰባት ጭነቱን እየተቀበለ፣ ከገዛ መሬቱ የሚወጣውን ወፍጮ በደጁ ሲያልፍ ያይ ነበር።

አለቃ ይህን ብለው ወደ ስንሻው ዞሩ።

«አንተም እንደዚያ ገበሬ ነህ፤ ነገር ግን ገና ሰባት ቀን አለህ። ውል ባለቀና ሌላ ባልተጻፈበት ቀን መሬትህ ካንተ በቀር ጌታ የለውም፤ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ በዕድሜህ ብዙ ጊዜ አይመጣልህም። ቅናት ያንን ቀን ካንተ ወስዶ ለነጋዴው ይሰጠዋል። ስለዚህ አትሩጥ። ሽማግሌና ጠራቢ ይዘህ ወደ ጉድጓድህ ውረድ፤ ያለህን እወቅ። የነጋዴውን ምልክት በሰው ፊት አስነቅል። ያበላሸውን ያስተካክልልህ። ከዚያ በኋላ እሱም ይምጣ፣ ሌላውም ይምጣ፤ ተቀምጠህ አነጋግራቸው። የአጎትህ ልጅ ስንት አገኘ ብለህ ከተነሣህ ግን ዋጋህን የቈረጠልህ እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ያንተን ድንጋይ አንድ ቀን እንኳ መትቶት አያውቅም።»