ከበረዶው ሥር የሚጻፍ ስም

በአንድ ወቅት፣ ውሃ ለስድስት ወር ድንጋይ ሆኖ በሚከርምበት በሰሜን ፊንላንድ፣ ካሌቪ የሚባሉ የበረዶ ሜዳ ጠባቂ ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። እኔ ከእሳቸው ጋር ውሃ እያፈሰስኩ በረዶ እሠራ ነበር። ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ለዚህ ታሪክ አያስፈልግም። የምተኛው ከማቀዝቀዣው ሞተር በላይ ባለ ክፍል ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ያገኘሁት ሙቀት የእሱን ብቻ ነው።

የዚያ ሜዳ ጨዋታ፣ የበረዶ ሆኪ፣ የእኛን የገና ጨዋታ ይመስላል። ቆልማማ ዱላ አለ፤ እንደ ኳስ የሚመታው ሩር ግን ፓክ የሚሉት ጥቁር የጎማ ጠፍጣፋ ነው። ሰው በብረት ስለት ላይ ቆሞ ከፈረስ እኩል ይሮጣል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን የያዝኩትን ባልዲ ማስቀመጥ ረሳሁ።

ታላቁ ልጅ ኦስሞ አሥራ አንድ ዓመት በሰሜን አሜሪካ ተቀጥሮ ተጫውቶ ነው የተመለሰው። የእዚያ ሜዳ ከእኛው በአራት ሜትር ያህል ይጠባል። አንድ እርምጃ ከሄዱ ሰው አለ፤ ይመታል። ሁለት ሰዎች ጓንታቸውን ጥለው በቡጢ ቢያያዙ ዳኞቹ እስኪደክማቸው ይጠብቃሉ፤ አምስት ደቂቃ ያስቀምጧቸዋል፤ ከዚያ ይመለሳሉ። ኦስሞ የተቀጠረው ለዚሁ ነበር። ከጣቶቹ ቀጥ ብሎ የሚዘረጋ አልነበረም።

በሰፊው ሜዳ መጀመሪያ ሰሞን መሳቂያ ሆነ። ሊመታ ሲወረወር ሰውየው የለም፤ እሱ ከአጥሩ ጋር ይላተማል። በዓለም አቀፉ ሕግ ከሩቅ የተመታ ፓክ የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ ወዲያው ፊሽካ ይነፋል። በአሜሪካ ግን ያኔ ተጫዋች ተሯሩጦ ፓኩን መንካት ነበረበት። ፊሽካው ተነፍቶ፣ ሁሉም ቆሞ፣ ኦስሞ ብቻውን ይሮጣል።

«ኦስሞ! ማንን ነው የምታሳድደው?» ይሉታል ከመቀመጫው።

አባቱ ደግሞ፣ «እዚህ አገር ሰው ልትመታ ስትል አስቀድመህ ደብዳቤ ጻፍለት፤ ቆሞ እንዲጠብቅህ» አሉት።

መካከለኛው ታፒዮ ከዚያች ከተማ ወጥቶ አያውቅም። ሰው አይነካም፣ ሰውም አይደርስበትም። ጠዋት ሜዳውን ስጠግን የእያንዳንዱን ጭረት እለይ ነበር። የሌሎቹ እንደ እርሻ ትልም ነው። የእሱ እንደ ፀጉር።

ትንሹ ሬዮ በረኛ ነው፤ ሦስቱም ለከተማው ቡድን ይጫወታሉ። ፓክ ከዱላ ሲነሳ ለዓይን አይታይም፤ የሬዮ እጅ ግን ቀድሞ እዚያ ነው።

ሜዳው ባለበት አዳራሽ አንድ ወግ አለ። መከር ሲገባ በረዶው በስሱ እየተደራረበ ይሠራል። ነጩ ቀለምና መስመሮቹ ከተቀቡ በኋላ፣ በመሃሉ ክብ ውስጥ ባለፈው ዓመት ቡድኑን ያዳነው ሰው ስም ይጻፋል። አንድ ስም ብቻ። ከዚያ ውሃ ይፈስበትና ብርዱ እስኪያልፍ ድረስ ከተጫዋቾች እግር ሥር ያበራል።

እንግዲህ በመጋቢት የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ካላሸነፍን ቡድኑ ይወርዳል፤ ከወረደ አዳራሹ የእንጨት መጋዘን ሊሆን ተወስኗል። ሁለት ለሁለት ሆነን ስድስት ደቂቃ ቀረ።

የተቃራኒው ቡድን ግዙፍ አጥቂ የዱላውን ጫፍ በሬዮ ጭንብል ፍርግርግ አስገብቶ ዓይኑን ወጋው። ዳኛው አላየም። ጥቂት ቆይቶ ጭንቅላቱን በክርኑ ደገመው። ኦስሞ ጓንቱን ጣለ። የመታው አንዴ ብቻ ነው። ሰውየው ተደግፎ ወጣ፣ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ወደ ሬዮ የተጠጋ የለም።

እኛ አገር «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። በአሜሪካው ሕግ ቁጣ አምስት ደቂቃ ያስቀምጣል። በዓለም አቀፉ ግን በቡጢ የተማታ ሰው ለዚያ ጨዋታ ሞቷል፤ ቡድኑም አምስት ደቂቃ በአንድ ሰው ጎድሎ ይጫወታል። ኦስሞ ሲወጣ አባቱ የሜዳው መውጫ ላይ ያዙት።

«ረሳህ እንዴ? እዚህ እኮ አትመለስም!»

«አልረሳሁም፣ አባባ።»

ሬዮ ውሃ ሊጠጣ ወደ አጥሩ መጣ። ግራ ዓይኑ ደም ሞልቷል።

«ስንት ፓክ ይታይሃል?» አልኩት።

«ሁለት።»

«ለቡድኑ ሐኪም ልንገራት?»

«ተናገርና በዱላዬ ታገኛታለህ፣ ዳምጤ።»

«ታዲያ የትኛውን ልትይዝ ነው?»

«ሁለቱንም።»

አልተናገርኩም። በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች አሥራ አንድ ጊዜ መቱበት። አንዱ በእጁ፣ አንዱ በጉልበቱ፣ አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ሳለ ተረከዙ ላይ ቀረ። ከአጠገቤ የቆመ ሰው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ማውለቁን ያወቀ አይመስለኝም። አሥራ አንደኛውን በደረቱ መልሶ ሬዮ ወደቀ። አልተነሳም።

ፓኩ ታፒዮ እግር ሥር አረፈ። ከአጥሩ ጋር አጣብቆ ቢይዘው ጨዋታው ይቆማል፣ ሐኪሟም ትገባለች። አሠልጣኙ «ያዘው! ያዘው!» እያለ ይጮሃል። ታፒዮ የወደቀውን ወንድሙን አየ። ሲያየው አይቻለሁ። ከዚያ ፓኩን እየነዳ በጎኑ አልፎት ወደ ተቃራኒው በር ሄደ። ፓኩን ቢነጠቅ ከኋላው ያለው ባዶ በር ነው።

ሁለት ተከላካዮች ሊዘጉት መጡ። እሱ ግን የሚሮጠው፣ አሜሪካ ቢሆን አጥሩ በሚቆምበት ቦታ ላይ ነበር። ሁለት ሺህ ሰው ትንፋሹን ውጦ ሳለ እንኳ የስለቱ ድምፅ አልተሰማም። የተሰማው ፓኩ መረቡ ውስጥ ያለውን ብረት ሲመታ ነው።

ሦስት ለሁለት አለቀ። አዳራሹ ተረፈ። የሬዮ ግራ ዓይን አልተረፈም። ሐኪሟ፣ «ቀደም ብሎ ወጥቶ ቢሆን፣ ምናልባት» አለች።

መከር ገባ። የካሌቪ ሳንባ ደክሞ ነበር። «ይህ የመጨረሻ በረዶዬ ነው። ስሙ የሚጻፈው ልጅ የአዳራሹን ቁልፍና ቤቱን ይረከባል» አሉ። ሦስቱም ፈልገውታል። ሌላ የሚሄዱበት አልነበራቸውም።

«እኔ ባልመታው ሦስተኛ ጊዜ ይመጣ ነበር» አለ ኦስሞ።

«አንተ ባትባረር አሥራ አንዱ አይመጣም ነበር» አለ ታፒዮ።

«አንተስ? ወንድምህን እንደ ወደቀ ጓንት አልፈኸው ሄድክ።»

«ብቆም ኖሮ ዛሬ የምንጨቃጨቀው ጣውላ ላይ ተቀምጠን ነበር።»

«ወደ ቀኜ ዞራችሁ ተጨቃጨቁ፤ በዚህ በኩል አትታዩኝም» አለ ሬዮ።

ኦስሞ ዞረበት። «አንተም ዓይኔን ታምሜያለሁ ብትል ምን ነበረበት? ተተኪ በረኛ ነበረን።»

«ዳቦ ጋጋሪው? እሱማ ዳቦው ጥሩ ነው።»

ሳቁ።

በወጉ ስሙን የሚጽፈው የተጫዋቾቹ ዘመድ ያልሆነ ሰው ነው፤ የሚመርጠውም እሱ ነው። በዚያች ትንሽ ከተማ የማንም ዘመድ ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ካሌቪ ብሩሹን ሰጡኝ፤ ወደ መሃሉ ክብ ገብቼ ተንበረከክሁ። ሦስቱ ወንድማማቾች አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል።

«ማንን ልጻፍ?» አልኳቸው ሽማግሌውን።

«የሦስቱም አባት ነኝ። እኔን አትጠይቀኝ። ውሃው ቱቦው ውስጥ እየቀዘቀዘ ነው፤ ጻፍ።»

ጻፍኩ። የማንን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ያ በረዶ ከቀለጠ ቆይቷል። ለወንድሙ ብሎ ከሜዳ የተባረረው፣ ዓይኑን ከፍሎ በሩን የጠበቀው፣ ወይስ ወንድሙን አልፎ ያሸነፈው? ብሩሹ በእናንተ እጅ ቢሆን የማንን ስም ትጽፉ ነበር?