የሚያስወልቀው ያጣ ጥቁር ቀሚስ

አንዲት ሴት ነበረች። የጠየቅሽኝን ግጥም የምፈታልሽ በእርሷ ነውና ታገሺኝ።

ሴትዮዋ ባሏ ሞተባትና ጥቁር ለበሰች። በአገሩ ልማድ ሐዘንተኛ ጥቁሩን በገዛ እጇ አታወልቅም፤ ዓመቱ ሲሞላ ጎረቤት ነጭ ቀሚስ ይዞ ይመጣና «በቃሽ» ብሎ ይለምናታል። የእርሷ ጎረቤቶች ግን አስተዋይ ሰዎች ነበሩ። በየለቅሶው ተገኝቶ እንደ እርሷ የሚያስለቅስ አልነበረምና፣ ይህን የመሰለ ሀብት በአንድ ነጭ ቀሚስ መለወጥ አልፈለጉም። ማንም ሳይለምናት ሞተች።

ልጇ ያንኑ ቀሚስ ለእናቷ ለበሰችው። እርሷ ደግሞ በማስለቀስ ከእናቷም ትብስ ነበርና የለመናት የለም። እየቆየ ለማን እንደምታለቅስ ተምታታባት፤ ማልቀሱን ግን አልተወችም። ሰውም «የእናቷ ልጅ» እያለ አመሰገናት።

የእርሷ ልጅ ታጨች። ሽማግሌዎቹ ግን እናት ጥቁር በለበሰችበት ቤት ከበሮ አይመታም አሉ። ጥቁሩን የሚያስወልቀው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ጊዜ የለውም። ሠርጉ ተላለፈ፣ እንደገናም ተላለፈ። እጮኛውም ማኩረፍ ጀመረ። እናትየዋ ልጇን ልታጽናና ፈልጋ፣ ቀሚሱን እንደለበሰች ጫፉን በልጅቱ ቁመት ታጥፍ ጀመር።

«ለእኔ ስትለብሺው እንዳይጎትትሽ ብዬ ነው» አለቻት።

ያን ጊዜ ልጅቱ ለሠርጓ የተሰፋላትን ነጭ ቀሚስ አወጣች። እንደ ጎረቤት በር አንኳኩታ ገባችና እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«በቃሽ፣ እማዬ።»

«ሰው ሳይለምነኝ?»

«እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ?»

እናትየዋ ጥቁሩን አወለቀችው። መጀመሪያ የተናገረችው ቃል «ይበርዳል» የሚል ነበር። ልጅቱም ነጩን አለበሰቻት።

ጎረቤቶቹ ከእንግዲህ ማን ያስለቅሰናል ብለው ስብሰባ ጠሩ። ስብሰባው ሳያልቅ ከበሮው ተመታ፤ ሠርጉ ቤት ቀድመው የተቀመጡትም እነርሱ ናቸው።

እንግዲህ ልጄ፣ ግጥምሽ «የእናቴ እንባ በእኔ ዓይን ወረደ» ይላል። ሊቃውንቱ ደም ነው፣ ዕጣ ነው እያሉ ይከራከራሉ፤ ጥሩ ክርክር ነው፣ አበልም አለው። እኔ ግን ቀሚስ ነው እላለሁ። ሐዘን ከእናት ወደ ልጅ የሚወርደው ጨርቁ ጠንካራ ስለሆነ አይደለም፤ «በቃሽ» የሚል ሰው ስለሚጠፋ ነው። ትርጉሙን ነገ ትጽፊዋለሽ። ዛሬ ቤትሽ ግቢና እናትሽን ለምኛት።