ዐይኑ የተከደነ ጭራቅ

በአንድ ወቅት ናርዶስ የምትባል የሦስት ዓመት ልጅ ሞተች። አባቷ ላንቃሞ ከቀብር ተመልሶ ባዶ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ጥልፍ ተሰቅሏል።

ጥልፉ የኖርዌይ ነው። አፍንጫው እንደ ዱባ ያበጠ፣ አናቱ ላይ ጥድ የበቀለበት የተራራ ጭራቅ፤ መዳፉ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ተቀምጣለች። ሶልቬግ የምትባል ነርስ ይርጋለም ሳለች ከአገሯ ተረት ወስዳ በሱፍ ክር ጠለፈችው። አገሯ ስትገባም ልጇን ያዝሉላት ለነበሩት ለላንቃሞ እናት፣ ለወይዘሮ ሶስና፣ ሰጠቻቸው።

ወይዘሮ ሶስና ቤታቸው ሲቃጠል የልብስ ሳጥናቸውን ትተው ጥልፉን ይዘው ወጡ። ናርዶስ ስትወለድ አምጥተው ሰቀሉላት።

የናርዶስ እናት ዱካሌ ደግሞ መርፌ አነሳች። ልጅቷ ጭራቁ ሲያፈጥባት ፈርታ አልተኛም ስትል፣ ዐይኖቹን በጥቁር ክር ከደነቻቸው። ናርዶስም «ተኝቷል፣ አትጩኹ» ማለት ጀመረች። መዳፉ ላይ ያለችውን አይታ «እኔ ነኝ?» ስትል፣ ዱካሌ የጥልፏን ልጅ ቢጫ ጸጉር በጥቁር ክር ሸፈነችው።

የለቅሶው ድንኳን ሳይነሳ የሶልቬግ ልጅ ማሪት መጣች። እናቷ ሞታባት ጥልፉን ፍለጋ ነበር የመጣችው፤ ለቅሶ ላይ እንደምትደርስ አላወቀችም። ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ጥልፉ ላይ ያለችውን ልጅ ጸጉር ነካች።

«ቢጫ ነበር» አለች። «እኔ ነበርኩ።»

«ቢጫው ከሥር አለ፤ አልፈታሁትም» አለች ዱካሌ።

«ጥቁሩ ቢፈታ...» ማሪት አልጨረሰችውም። «የእናቴ እጅ ያለበት ሌላ ነገር የለኝም። ስጡኝ።»

«የሰጡትን መልሶ መውሰድ ከማን ተማርሽ፣ ማሪትዬ?» አሉ ወይዘሮ ሶስና። «እናትሽ ስትጠልፈው አንቺ ጀርባዬ ላይ ነበርሽ። ከእሳት ባላወጣው ዛሬ ምኑን ትነኪው ነበር? እስክሞት ከእኔ ጋር ይሁን።»

«ለማንም አልሰጥም» አለች ዱካሌ። «እዚህ ያለችው ናርዶስ ናት።»

ሦስቱም ወደ ላንቃሞ ዞሩ።

«ግድግዳው ያንተ ነው፤ ተናገር እንጂ» አሉት እናቱ።

ላንቃሞ ተነስቶ ጥልፉን ከሚስማሩ አወረደ። ግድግዳው ላይ ጭስ ያልነካው ቦታ ቀረ። ጨርቁን ጠቅልሎ፣ የተኛች ልጅ እንደሚታቀፍ ታቅፎት ቆመ። በዚያ ቀን ከዚህ ሌላ ያደረገው ነገር የለም።

እናንተ እዚያ ብትሆኑ፣ ለማን ስጥ ትሉት ነበር?