የአቶ ልሳነወርቅ ቤት የፈረሰ ዕለት

በነጻ የመጣ ነገር ሲያይ ዓይኑ የሚበራ ሰው ሲያጋጥመን የምንወረውራት አባባል አለችን። ከሰማይ አልወረደችም፤ የደብረ ሲናው አቶ ልሳነወርቅ ናቸው ያተረፉልን።

አቶ ልሳነወርቅ ከአባታቸው የወረሱትን የጭቃ ቤት አፍርሰው በቦታው የብሎኬት ቤት ሊሠሩ ተነሡ። ያነጋገሯቸው ተቋራጮች ግን ሁሉም ለማፍረሻው ዋጋ ይጠራሉ። «ለመሥራትስ እሺ፤ ለማፍረስ ደግሞ ይከፈላል? ዝናብ በነጻ ሲያፈርሰው የኖረውን ቤት!» እያሉ አቶ ልሳነወርቅ ያሰናብቷቸዋል። በመጨረሻ ንጋቱ የሚባል ፈገግታ የማያልቅበት ተቋራጭ መጣ።

«እኔ ሳንቲም አልጠይቅዎትም ጋሼ» አለ፣ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አይቶ። «ከቤቱ የሚወጣው ሁሉ ግን የእኔ ነው።»

አቶ ልሳነወርቅ ሳቃቸውን ዋጡ። ከዚያ ቤት ምን ይወጣል? ምስጥ የበላው ማገር፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ቢበዛ አይጥ። ሰውየው ሐሳቡን ሳይለውጥ ብለው ጎረቤታቸውን ባሻ ወንድይራድን በምስክርነት ጠርተው ተጨባበጡ።

ሚስታቸው ወይዘሮ አስካለ ነገሩ አልጣማቸውም። «በል እንግዲህ ሳይመጣ ዕቃችንን እናውጣ» አሉ።

«ለተሸካሚ ልከፍል? የእሱ ሠራተኞች ያወጡልን የለ!»

ወይዘሮዋ ግን ሣጥናቸውንና ድስቶቻቸውን ሰብስበው ባሻ ቤት አስቀመጡ።

በማግስቱ ንጋቱ ጉልበተኞቹን አስከትሎ በአይሱዙ የጭነት መኪና ከች አለ። አቶ ልሳነወርቅ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዛሉ። «አልጋውን በቀስታ! ሶፋውን በጎን!» ሠራተኞቹም «እሺ ጌታዬ» እያሉ ያወጣሉ። አወጣጡስ አማረ፤ ዕቃው ሁሉ የሚጫነው ግን አይሱዙው ላይ ነው።

«ምነው! ግቢው ውስጥ አስቀምጡት እንጂ!»

«ከቤቱ የወጣ አይደል ጋሼ?» አለ ንጋቱ በትሕትና።

አቶ ልሳነወርቅ ወዲያው ሮጠው ገቡና የቀረውን የአባታቸውን ቁምሳጥን ጥምጥም ብለው አቀፉት። «እኔን ሳትገድሉ ይሄ አይወጣም!»

ጉልበተኞቹ ተያዩ። ከዚያ ቁምሳጥኑን ከነባለቤቱ ብድግ አድርገው፣ በበሩ አሽሎክልከው፣ መኪናው ላይ ጫኑት።

«እኔን ደግሞ ወዴት ነው?»

«እርስዎም እኮ ከቤቱ ነው የወጡት!»

መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። «ባሻ! እርስዎ ምስክር ነዎት፤ ይፍረዱኝ!» ሲሉ አቶ ልሳነወርቅ ከመኪናው ላይ ጮኹ።

«የሚወጣው ሁሉ ሲባል ነው የሰማሁት ልሳኑ» አሉ ባሻ አገጫቸውን ይዘው። «ማገር ብቻ ያለ ሰው አልነበረም።»

አቶ ልሳነወርቅ ሚስታቸውን በዓይናቸው ፈለጉ። ወይዘሮ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

በሽማግሌ ብዙ ተለምኖ ንጋቱ የቤት ዕቃውን መለሰ፤ እንጨቱንና ቆርቆሮውን ግን አልለቀቀም። ባለቤቱንም ቢሆን እንዲሁ አላሰናበታቸውም፤ ዶማ አስጨብጦ ከጉልበተኞቹ ጋር የገዛ ቤታቸውን ሲያስንዳቸው ዋለ። አመሻሽ ላይ አቶ ልሳነወርቅ ከአቧራው ውስጥ ቅንድባቸው ነጥቶ፣ መዳፋቸው ተልጦ ብቅ ሲሉ፣ አጥር ተደግፈው ያዩ የነበሩት ባሻ ወንድይራድ ከሳቅ ብዛት የወረደ እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ጎረቤቱ ዞሩና «እንግዲህ ልጆቼ ዕወቁት» አሉ፤ «የነጻ አፍራሽ፣ ባለቤቱን ወራሽ።»