መጋረጃ ሰፊዋ እና አዲሱ ሰፈር

መጋረጃ እየሰፋች የምትተዳደር አንዲት ሴት ነበረች፤ ስሟ ውዴነሽ ይባላል። ከተማው ዳር ወደተሠሩት አዳዲስ ኮንዶሚኒየሞች የገባችው ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ጋር ነው። ያን ጊዜ ሰፈሩ ውስጥ የሚታየው ጭቃ፣ የአሸዋ ክምርና ባዶ መስኮት ብቻ ነበር። እሷ ግን ከሚኒባሱ ወርዳ ቀና ስትል ልቧ በደስታ ዘለለ። "ይሄ ሁሉ መስኮት እኮ መጋረጃ ይፈልጋል!" አለች።

እንዳለችውም ሆነ። ሰፈሩ በየቀኑ ያድግ ጀመር። ሰኞ ፋርማሲ ተከፈተ፣ ሐሙስ ዳቦ ቤት። አስፋልቱ የደረሰ ዕለት ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲያይ ዋለ፤ ጫማውን ከጭቃ ጠርጎ የረገጠውም ነበር። ውዴነሽ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ከብሎክ ብሎክ ትሮጣለች። በዓመት ተኩል ውስጥ ያልገባችበት ቤት የለም ማለት ይቻላል። ማን ምን እንደሚሠራ፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር ታውቃለች። ሰዎቹ ግን እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። ደረጃ ላይ ሲገናኙ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይተላለፋሉ፤ ቤታቸው ሲገቡም መጋረጃቸውን ይዘጋሉ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ፍሬሕይወት የምትባል ነፍሰ ጡር ለሚወለደው ልጅ ክፍል መጋረጃ አዘዘቻት። ውዴነሽ ወንበር ላይ ቆማ መስኮቱን ስትለካ "ወይኔ!" የሚል ድምፅ ሰማች። ዘወር ስትል ፍሬሕይወት ግድግዳውን ተደግፋ ታቃስታለች።

"ቀኑ ገና ነበር እኮ፣ እትዬ ውዴ!"

"አይዞሽ ልጄ፣ ነይ ጋደም በይ።"

ባሏ ታሪኩ አምቡላንስ ሊጠራ ደወለ። "አዲሱ ሰፈር ነን" ሲል "የትኛው አዲሱ ሰፈር?" አሉት።

"አዲስ አስፋልት ያለበት!"

"ወንድሜ፣ አዲስ አስፋልት የሌለበት የት አለ? የሰፈሩን ስም ንገረን።"

ታሪኩ ሚስቱን አየ፣ ውዴነሽን አየ። ሰፈሩ ገና ስም አልወጣለትም ነበር። ፋርማሲውን፣ ዳቦ ቤቱን እየጠራ ቦታውን ለማስረዳት ይታገል ጀመር።

ይሄኔ ለውዴነሽ አንድ ነገር ብልጭ አለላት። ባለፈው ወር አረንጓዴ መጋረጃ የሰቀለችው አዋላጅ ነርስ ቤት ነበር፤ ያውም እዚሁ፣ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ! ደረጃውን በሩጫ ወርዳ በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው።

"ሲስተር ዙበይዳ! ድረሽልኝ!"

ዙበይዳ ተረኛ ሆና አድራ ገና መግባቷ ነው። ለምን ሳትል ቦርሳዋን አንስታ ተከተለቻት። ታሪኩ ከበር ውጭ ወዲያ ወዲህ ሲል የማያውቃቸው ጎረቤቶች ብቅ ብቅ አሉ። አንዱ ወንበር አወጣለት፤ አንዷ የፈላ ውሃ ይዛ መጣች፤ ሌላው አምቡላንሱን መንገድ ሊያሳይ ወደ አስፋልቱ ሮጠ። አምቡላንሱ ሲደርስ ግን ሕፃኗ ተወልዳ ፎቁን በለቅሶዋ እያናወጠችው ነበር። ደረጃው ከላይ እስከ ታች በእልልታ ተሞላ።

"እትብቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር" አለች ዙበይዳ ላቧን እየጠረገች። "የሚያውቅ ሰው ባይኖር ኖሮ..." ወደ ፍሬሕይወት ዘወር አለች። "ለመሆኑ ከቤቴ በላይ ባለው ፎቅ ነፍሰ ጡር መኖሯን እንዴት እስከ ዛሬ አላወቅኩም?"

"እኔም ለክትትል ሁለት ታክሲ ይዤ ነበር የምሄደው" አለች ፍሬሕይወት ልጇን እንዳቀፈች።

ሁሉም ውዴነሽን አመሰገናት። እሷ ግን በደስታዋ መሀል አንድ ነገር ኮሰኮሳት። "ሁለቱንም አውቃቸው ነበር። 'ከበታችሽ እኮ አዋላጅ አለች' ለማለት ምን ያዘኝ?" ስትል ራሷን ጠየቀች።

ከሰኞ ጀምሮ አሠራሯን ለወጠች። መስኮት ልትለካ ስትሄድ የጎረቤቱን በር ታንኳኳና "እባክዎ የሜትሩን ጫፍ ይያዙልኝ" ትላለች። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር "እኔ? የማላውቀው ሰው ቤት?" ብለው ሲያንገራግሩ ሳቀች።

"የኔታ፣ ሜትሩንስ ሠላሳ ዓመት ብቻዬን ይዤዋለሁ። እንድትተዋወቁ ብዬ ነው።"

መምህሩ ገቡ። ከቤቱ ባለቤት ጋር የአንድ አገር ልጆች ሆነው ተገኙ። ጨዋታው ሲደራ ውዴነሽ ለክታ ጨርሳ መውጣቷን እንኳ አላዩም። በዚህ ዓይነት ፎቁ ከፎቁ፣ ብሎኩ ከብሎኩ መጠራራት ጀመረ፤ ሰፈሩም ያኔ ሰፈር ሆነ።

ወዳጆቼ፣ ብዙ ሰው ማወቅ መልካም ነው። የምናውቃቸውን ሰዎች ለየብቻቸው ይዘን ስንቀመጥ ግን አንዱ የሚፈልገው ነገር ሌላው ዘንድ እያለ ሁለቱም ይቸገራሉ። ሰፈር የሚያድገው በፎቅና በአስፋልት ብቻ አይደለም፤ "ና፣ ከእገሌ ጋር ላስተዋውቅህ" የሚል ሰው ሲገኝ ጭምር ነው።

እርስዎስ? ቢተዋወቁ የሚጠቃቀሙ፣ እርስዎ ግን እስካሁን ያላገናኟቸው ሁለት ሰዎች ትዝ አሉዎት? እንግዲያው ምን ይጠብቃሉ?